ሰባተኛውን መጀመሪያ አላከራይም

ኩኦ ዋንቴ ጂያዪ ከተማ ውስጥ መጽሐፍ ሲያከራይ ፀጉሩ ሸብቷል፤ ደንበኞቹ ግን ከሽበቱ ይልቅ በግትርነቱ ያውቁታል። «የጭጋግ ሸለቆ» የተባለውን ሰባት ቅጽ የአስማት ታሪክ ከአንደኛው አልጀምርም ያለ ሰው ከሱቁ ባዶ እጁን ይወጣል።

«ጋሼ፣ ሰባተኛው እኮ የጠንቋይዋን ልጅነት ነው የሚተርከው። ታሪኩ የሚጀምረው ከዚያ ነው» አለው በዚያ ቅዳሜ አንድ ተማሪ።

«ታዲያ ደራሲው መጨረሻ ላይ ያሳተመው አብዶ ነው? መጀመሪያ ትጠላታለህ፣ ከዚያ ታዝንላታለህ። አለቀ!»

«እንግዲያው ሌላ ቤት እሄዳለሁ።»

«ሂዳ! ሌላው ሁሉ ተዘግቷል።»

በክርክር እንዲህ የሚንጣጣው ሰውዬ በገዛ ቤቱ ምላሱ ከተሳሰረ ቆይቷል። አባዬ የምትለው ፔይሩ የእህቱ የሱቹ ልጅ ናት። ሱቹ ገና በልጅነቷ፣ ሳታገባ ወለደቻት፤ ዋንቴና ሟች ሚስቱ ልጃችን ናት ብለው አስመዘገቧት፤ ሱቹም ካኦሽዮንግ ከተማ ወርዳ ፋብሪካ ገባች። ለፔይሩ አክስት ናት። በአዲስ ዓመት ሁለተኛው ቀን እየመጣች ዓይኗን የምትተክልባት፣ ሁልጊዜም የሚጠብ ጫማ የምታመጣላት አክስት። ልጅቱ አትወዳትም። ዘንድሮማ እግሯን እንኳ ሳታስገባ «ይጠበኛል» ብላ ከነሳጥኑ መለሰችላት።

አሁን ሱቹ በጠና ታማ እዚያው ካኦሽዮንግ ሆስፒታል ተኝታለች። «ወንድም ጋሼ፣ እባክህ ንገራት» ብላ በስልክ ለምናው ነበር። እሱ ፈተናዋን ትጨርስ አለ። ፈተናው ሰበብ ነው፤ አባዬ መባሉ ይቀርብኛል ብሎ ፈርቷል።

ተማሪው እያጉረመረመ ሲወጣ፣ ጥግ ላይ ተቀምጣ የነበረችው ፔይሩ ሰባተኛውን ጨርሳ ተነሳች። ዓይኗ ቀልቷል።

«አባዬ፣ ልጁ ልክ ነው። ይሄን ነበር መጀመሪያ መስጠት የነበረብህ።»

«አንቺም ጀመርሽ?»

«ጠንቋይዋ ልጇን የሰጠችው ተገዳ ነው! እኔ ስድስት መጽሐፍ ሙሉ ስሰድባት ከረምኩ። ስድስተኛው ላይ ስትሞት እሰይ ብያለሁ እኮ! አሁን ሞታ ካለቀች በኋላ ማወቄ ምን ይሠራልኛል?»

ዋንቴ ለደንበኛ ሁሉ የሚሰጠው መልስ ነበረው። አሁን ግን ተነስቶ በጠራራ ፀሐይ የሱቁን መዝጊያ ጎትቶ አወረደው።

«ቦርሳሽን ያዢ። ካኦሽዮንግ እንሄዳለን።»

«ምነው? አክስቴ ባሰባት?»

«ባቡር ላይ እነግርሻለሁ።»

ነገራት። እየተንተባተበ፣ አንዴ ከሚስቱ አንዴ ከእህቱ እየጀመረ፣ የኋላውን ከፊቱ እያምታታ ነገራት። ዕድሜውን ሙሉ ስለ ቅደም ተከተል ሲሟገት የኖረ ሰው ወሬው መያዣ መጨበጫ አጣ። ፔይሩ አላለቀሰችም፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ብትጮህበት ይሻለው ነበር።

የታይናንን ከተማ ካለፉ በኋላ ወደሱ ሳትዞር ጠየቀችው።

«ጫማውን መልሼላት ስወጣ ምን አለች?»

ሊዋሻት አሰበ፤ አልቻለም።

«‹እግሯ መቼ እንዲህ አደገ?› አለችኝ። ሳጥኑን አቅፋ ሄደች።»