ማሽኑ ሊዘጋ ነው ሲሉኝ ስለቴ ትዝ አለኝ

ለዚህ ሁሉ ተጠያቂው መምህር ዘሪሁን ነው። ልጄን ሄለንን ፊዚክስ አስተምሮ ባሕር ማዶ የሰደዳት እሱ ነው።

ዛሬ ጠዋት መልእክቷ መጣ። ፊደል የቆጠርኩት በእርጅናዬ ስለሆነ ቀስ ብዬ አነበብኩት፦ «እማዬ፣ ማሽኑ ሊዘጋ ይችላል። ከተዘጋ ሥራዬን ከግማሽ ትቼ እመጣለሁ።»



የምትሠራበት ማሽን ኒውትሮን በሚሉት ዓይን በማያየው ጨረር የብረትን ውስጥ ሳይቆርጥ ያሳያል አሉ። አንድ አገር ብቻውን ስለማይችለው ብዙ አገሮች ተጋግዘው ነው የሚያንቀሳቅሱት። አሁን አንደኛው እወጣለሁ ብሏል፤ የቀሩት እየተማከሩ ነው።

አባቷ የባቡር ሠራተኛ ነበር። የባቡሩን የብረት ጎማ በመዶሻ እየመታ ስንጥቁን በጆሮው ይለይ ነበር። አንድ ቀን ያልሰማው ስንጥቅ ገደለው። ሄለን እዚያ የምትፈልገው ያንን ስንጥቅ ነው።

በባጃጅ ሳቢያን ሰፈር መምህሩ ቤት ሄጄ ጮኽኩበት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ስትሄድ አለቀስሽ፤ ልትመጣ ነው ሲሉሽም ታለቅሻለሽ! ምን ይሻልሻል?» አለኝ።

አምና ቁልቢ ወጥቼ «ገብርኤል ሆይ፣ እንዴትም አድርገህ ልጄን አምጣልኝ፣ ጃንጥላ አስገባለሁ» ብዬ ተስያለሁ። ይኸው፣ ጃንጥላውን ሳልገዛ ሊሰማኝ ነው።

ማሽኑን የሚያዘጋው የእኔ ስለት እንዳይሆን ፈርቻለሁ። የለመናችሁት ሊደርስ ሲል ያስፈራችሁ ካላችሁ እስቲ ጻፉልኝ፤ ብቻዬን አልሁን።

እኔ ግን ከእንግዲህ «እንዴትም አድርገህ» ብዬ አልሳልም።