የሙከራዋ ፎቶ

አጥናፉ አቃቂ ገበያ መግቢያ ላይ ፎቶ ቤት ከከፈተ አሥራ አራት ዓመት ሆነው። ሰውየው በመብራት ነገር ነዝናዛ ነው። ለአንዲት ጉርድ ፎቶ እንኳን መብራቱን ሦስቴ ያነሳል፣ ሦስቴ ይተክላል፤ "አገጭዎን ቀና! ኧረ ብዙ አይደለም!" እያለ ስንቱን ሽማግሌ ያስቸግራል። ደንበኞቹ ያሙታል፤ ፎቶ ሲፈልጉ ግን ተመልሰው የሚመጡት እሱው ዘንድ ነው። አንድ የማይገባቸው ጠባይ ደግሞ አለው። መብራት ለማስተካከል የሚያነሳቸውን የሙከራ ፎቶዎች አንዷንም አያጠፋም። ግማሽ ፊት ይሁን፣ የተጨፈነ ዓይን ይሁን፣ ሁሉንም ያስቀምጣል። ኮምፒውተሩ ሞልቶ ሲንፏቀቅ እንኳን ምንም አይነካም። ለምን ሲሉት ስቆ ያልፋል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። አንስቶ፣ አይቶ፣ ወዲያው ያጠፋ ነበር።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሩት የምትባል የቱሉ ዲምቱ ነጋዴ ከነቤተሰቧ መጣች። ልጇ ሚራክል ሦስት ዓመት ሊሞላው ነበርና የልደት ፎቶ ፈልጋለች። እሷ መስታወቱ ፊት ስትኳኳል፣ ባሏ በር ላይ በስልክ ሲጨቃጨቅ፣ አጥናፉ መብራቱን የሚሞክርበት ሰው አጣ። ዞር ሲል የልጁን ሞግዚት አየ። አደሴ ትባላለች።

"እህቴ፣ እስኪ እዚህች ወንበር ላይ ቁጭ በይልኝ።"

"እኔ?"

"አዎ፣ ልጁን እንዳቀፍሽ።"

ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች። አጥናፉ ትልቁን መብራት በግራዋ በኩል አቆመ፣ ትንሹን ከኋላዋ አደረገ። አገጯ ሥር ያለው ጥላ አልጥም ቢለው ነጭ ሰሌዳ ጉልበቷ አጠገብ አስደገፈ። "ፈገግ በይ እስኪ" ያላትም ልጁ አይቷት እንዲስቅለት ብሎ ነው። ፈገግ አለች። ሚራክል ዞር ብሎ ጉንጯን በሁለት እጁ ያዘ። መብራቱ ብልጭ አለ። አጥናፉ ፎቶዋን ካሜራው ላይ አያት፤ እንከን የላትም። "በቃ፣ ተነሺ፣ እሳቸው ይቀመጡ" አለና ፎቶዋን አጠፋት። የቀረውን ሰዓት አደሴ ከካሜራው ኋላ ቆማ ቁልፍ እያንቃጨለች ልጁን ስታስቅ ዋለች።

በሳምንቱ ብቻዋን መጣች።

"ጋሼ፣ ፎቶዬን ልወስድ ነበር።"

"የእትዬ ሩትን? እሳቸውማ ወስደዋል።"

"የእነሱን አይደለም። እኔንና ሚራክልን ያነሱንን።"

ነገሩን አስረዳችው። ሚራክል ትምህርት ቤት ሊገባ ስለሆነ ሞግዚት አያስፈልግም ተብላ፣ በማግስቱ ወደ አገሯ ቡታጅራ ልትገባ ነው። ከአራስ ቤት ጀምሮ ያሳደገችው እሷ ናት። ስልኳ ፎቶ አያነሳም፤ አብረው የተነሱት ያቺን ብቻ ነው።

"እሱማ ሲያድግ አያውቀኝም" አለች። "እኔ ግን እንዳየው ብዬ ነው።"

እውነቱን መናገር ነበረበት። መብራት መሞከሪያ ነበርሽ፣ ስጨርስ አጠፋሁሽ ማለት ነበረበት። አፈረ። ለደንበኛ ሲናገራት የኖረው ውሸት ቀድማው ወጣች።

"ተበላሽታ ነው እኮ፣ እህቴ። ዓይንሽን ጨፍነሽ ነበር።"

ብትቆጣው በተሻለው።

"ውይ! ይቅርታ ጋሼ፣ መብራቱ አጥበርብሮኝ ነው" አለች። "ለምጄው አላውቅማ። አለፋሁዎት።"

"ብቻሽን ላንሳሽ፤ ሳንቲም አልቀበልሽም።"

"ብቻዬንማ ምን ያደርግልኛል?" አለችና ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች።

ሮጦ ሊደርስባት ይችል ነበር። መንገዱን እስክትሻገር በመስኮት ሲያያት ቆየ እንጂ አልሮጠም። በኋላ ያጠፋትን ፎቶ መልስልኝ ብሎ የካሜራውን ካርድ ሳሪስ ድረስ ለኮምፒውተር ሠራተኛ ይዞ ሄደ። ካርዱ ላይ የሌላ ሰው ሰርግ ተጭኖበት ነበርና ምንም አልተገኘም።

ዛሬም አጥናፉ መብራት ሊሞክር ሰው ወንበሩ ላይ ባስቀመጠ ቁጥር ጥፋቱ ይቆጠቁጠዋል። ምናልባት አደሴ እስከ ዛሬ፣ ያኔ ዓይኔን ባልጨፍን ኖሮ እያለች ራሷን ትወቅስ ይሆናል። እሷ ግን ዓይኗን አልጨፈነችም። ልጁን እያየች ነበር፤ ይህን ደግሞ ከእሱ በቀር ያየ የለም።