ለአንድ መኪና አንድ ጉርሻ

መምህር አዱኛ ስድሳ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ሳይንስ ሲያስተምር ድምፁን ከፍ ማድረግ አያውቅም። ክፍሉ ሲንጫጫ ጠመኔውን ያስቀምጥና እጁን አጣምሮ ዝም ይላል፤ ተማሪዎቹም ጥቂት አጉረምርመው ዝም ይላሉ። ይህ ዘዴ ሁለት ዓመቷን ገና ለደፈነችው ልጁ ለናኦሚ እንደማይሠራ የገባው ትምህርት ቤት በተዘጋ ሳምንት ነው። እጁን አጣምሮ ዝም ቢላት ሽቅብ አየችው፤ እሷም እጇን አጣመረች፤ ከዚያ የቤቱ ቆርቆሮ እስኪጮኽ አለቀሰች።

ያለቀሰችው እናቷን ፈልጋ ነው። ጂቱ ጎህ ሳይቀድ፣ ልጅቷ እንደተኛች፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ነበር ከቤት የወጣችው። እሷም መምህር ናት። ባሏ ክረምት ሲያርፍ እሷ አምቦ ዩኒቨርሲቲ እየገባች ዲግሪዋን ትማራለች፤ ዘንድሮ ደግሞ የመጨረሻዋ ነው። ያለፈውን ክረምት እናቷ ከሸነን መጥተው፣ አምቦ አንዲት ክፍል ተከራይተው ሕፃኗን ይዘውላት ነበር። አሁን የእናቷ ጉልበት ታመመ፤ የቤት ኪራዩም ከሁለት መምህራን ደመወዝ በላይ ሆነ። «እኔ እረፍት ላይ ነኝ፤ እኔው እይዛታለሁ» አለ አዱኛ። ሲለው ቀላል ነበር።

ችግሩ ናኦሚ ጡት አለመተዋ ነው። ጂቱ ሬት ቀብታ ሞክራለች፤ ልጅቷ ግን ሬቱን በእናቷ ቀሚስ ጫፍ ጥርግ አድርጋ ጠባች። የቤት አከራያቸው ወይዘሮ ፍቅርተ ይህን አይተው ሳቁ። «ጡት የሚያስጥለው ሬት አይደለም፤ ዓይን አለማየት ነው» አሉ። «እናት ዞር ትበል፤ ልጅ ሲርባት ትበላለች። እንዳትታይ ብቻ! አንዴ ከታየች ሁሉም ገደል ገባ።»

ጂቱ ልትወጣ በር ላይ ቆማ የባሏን ክንድ ያዘች።

«አዱኛ፣ ካልበላች ትነግረኛለህ። እኔ እዚያ ስማር ልጄ እዚህ በረሃብ አታልቅም። ጥዬ እመጣለሁ።»

«እነግርሻለሁ።»

«ሙች በለኝ።»

«ሙች።»

እንዲህ ብሎ ሸኛት። ይህን ክረምት ጥላ ከመጣች ያለፉት ክረምቶች ሁሉ ውሃ እንደሚበላቸው ሁለቱም ያውቃሉ።

የጊንጪን ክረምት ያየ ያውቀዋል። ጥቁሩ አፈር ዝናብ ሲጠግብ ጫማ ይዞ አይለቅም፤ ልጅ ደጅ አውጥቶ ማጫወት የለም። አባትና ልጅ አንዲት ክፍል ውስጥ ተፋጠጡ። አዱኛ ኮሌጅ ሳለ በአካባቢ ከሚገኝ ቁሳቁስ የመማሪያ መርጃ መሥራት የሚባል ትምህርት ወስዶ አንደኛ ወጥቶ ነበር። ያችን ዕውቀቱን አወጣት። ቆርኪ በሽቦ ሰካ። በባዶ የአምቦ ውሃ ላስቲክ ባቄላ ጨምሮ አንሿሿ። ለበቆሎ ቆረቆንዳ ዓይንና አፍንጫ ስሎ፣ ፀጉሯን ሹሩባ ሠርቶ አሻንጉሊት አደረጋት። ናኦሚ እያንዳንዱን ተቀብላ፣ አገላብጣ አይታ፣ ወደ በሩ ትወረውረውና «እማ?» ትላለች።

ምግብማ አይነሳ። ገንፎ ሲያቀርብላት አፏን ትገጥማለች። ወተት ስትቀምስ ትተፋለች። ሲያጥባት የጎን አጥንቷ በእጁ ገባ፤ ሳሙናውን ይዞ ቀረ። ማታ ጂቱ ስትደውል፣ «ጡቴ ሞልቶ ጎኔን አላሳርፍ አለኝ፤ በላች?» አለችው።

«ደህና ናት» አለ።

«በላች ወይ ነው ያልኩህ።»

«እየበላች ነው።»

ስልኩን ዘጋ። እውነቱን ቢነግራት ትምህርቷ ገደል ነው፤ ባይነግራት ልጅቷ ከእጁ ልታልቅ ነው። «አንድ ቀን ብቻ» አለ ለራሱ፤ «ነገ ካልበላች እነግራታለሁ።»

በማግስቱ ቤቱ ጠበበውና ልጁን በጂቱ ነጠላ አዝሎ ወጣ። አስፋልቱ ዳር ባጃጃቸውን ደርድረው ቁጭ ያሉት ወጣቶች ሲያዩት ጮቤ ረገጡ።

«ያ ባርሲሳ! መምህሬ፣ አራስ መጠየቂያውን መቼ ይዘን እንምጣ?»

«ቲቸር፣ አስተዛዘልህ ላላ ብሏል፤ ጠበቅ!»

«ከእናንተ አንዱን ማዘል ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ በልታችኋል» አላቸው። አሳቃቸው፤ እሱ ግን አልሳቀም።

መድና ሱቋ አስፋልቱ ጥግ ነው። ከወራቤ መጥታ ጊንጪ የከተመች ነጋዴ ናት፤ በረንዳዋ ሰፊ፣ ወሬዋ የሰፋ። ደጃፏ ላይ የተንጠለጠሉትን የላስቲክ መኪናዎች አዱኛ ሲያያቸው፣ «ውሰድ መምህር፣ ደመወዝ ሲወጣ» አለችው። እሱ ግን የዚህ ወር ደመወዝ ገና ሳይወጣ እንዳለቀ ያውቃልና ራሱን ነቀነቀ። አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ልክ ያኔ አንድ ሲኖ ድንጋይ ጭኖ፣ ምድሩን እያንቀጠቀጠ አለፈ። ናኦሚ አፏ ተከፍቶ ቀረ። አዱኛ ወተት የነካ ዳቦ በእጁ ነበረ፤ ጣል አደረገባት። ዋጠች።

አዱኛ መድናን አየ፤ መድና አዱኛን አየች። «ቢስሚላህ! ደግሞ ይመጣል፤ አዘጋጅ!» አለች መድና።

ቅጥቅጥ መጣ፣ አንድ ጉርሻ። አባዱላ መጣ፣ አንድ ጉርሻ። ቦቴ ከነተሳቢው ሲመጣ ሁለት ገባላት። ያን ማታ ለጂቱ «በላች!» ሲል ጮኾ ነው፤ ውሸት አልነበረበትም።

ከዚያ ወዲያ የናኦሚ ክረምት አስፋልት ዳር ሆነ። ከመኪና የረከሰ መጫወቻ የለም፤ ነዳጁን የሚቀዳው ሌላ፣ የምታየው እሷ። ግን አንድ ቀን ዝናቡ በርትቶ መኪና ሳሳ። ልጅቷ ቁንጥንጥ ማለት ጀመረች። አዱኛ ጨዋታውን ሊያረዝም ብሎ፣ «ናሚዬ፣ እማዬ በየትኛው ትመጣለች? በነጩ? በሰማያዊው?» አላት።

ምነው ምላሱን በቆረጠው!

ሰምታዋለች። ለካ መኪና የሚያልፍ ብቻ ሳይሆን እናት የሚያመጣም ነገር ነው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቆሞ ሰው በሚያወርደው ሁሉ ላይ ዓይኗ ተተከለ። ዳቦውን ትቀበላለች፤ ግን አትውጠውም፤ ጉንጯ ውስጥ ይዛ ትጠብቃለች። በሩ ተከፍቶ የወረደችው ሴት ሌላ ስትሆን ትተፋዋለች። አንዴማ ነጠላ የለበሰች መንገደኛ አይታ ከአግዳሚው ዘላ ወደ አስፋልቱ ስትሮጥ፣ መድና በቀሚሷ አንጠልጥላ መለሰቻት። አዱኛ ልጁን ተቀብሎ አቀፋት።

«አታምጣት እንግዲህ» አለችው መድና።

«ባላመጣትም አትበላ፤ ባመጣትም አትበላ። የት ልውሰዳት?»

ማታ ስልክ ተደወለ። «ደህና ናት» አለ።

ነሐሴ እንደገባ አንድ ማለዳ መንገዱ ተዘግቶ ዝም አለ። ከአዲስ አበባም ከአምቦም የሚመጣ የለም። ባጃጆቹ ቆሙ። ስልክም ጠፋ። ለጊንጪ ሰው እንዲህ ያለ ቀን አዲስ አይደለም፤ «ለምን?» የሚል የለም፤ ዱቄት አለ ወይ፣ ጋዝ አለ ወይ ነው ጥያቄው። ናኦሚ ባዶውን አስፋልት ስታይ ቆይታ፣ «መኪና?» አለች። «የለም» አላት። «እማ?» አለች። ዳቦውን ወደ አፏ አስጠጋላት። ያን ቀን ከውሃ በቀር በአፏ የዞረ የለም። አዱኛ ደግሞ በአንድ ጊዜ ሁለት ስጋት ገባው፤ አንዱ ፊቱ የተቀመጠው፣ ሌላው ማዶ አምቦ ያለው።

በማግስቱ መንገዱ አሁንም ዝም ነበር። ከሰዓት በኋላ፣ የሚያደርገው ቢጠፋው፣ የቤቱን በርጩማና የእትዬ ፍቅርተን የለስላሳ ሳጥኖች በረንዳው ላይ ደረደረ። ናኦሚን ከፊት አስቀምጦ የድስት ክዳን አስጨበጣት። እሱ ምሰሶውን በአንድ እጁ ይዞ ወደ ውጭ ተንጠለጠለና፣

«አምቦ፣ አምቦ፣ አምቦ! አንድ ሰው የቀረ! በሞላ መኪና!» እያለ ጮኸ።

ወይዘሮ ፍቅርተ ከፍልሰታ ቅዳሴ እየተመለሱ ነበር። ጃንጥላቸውን ይዘው ቆሙ።

«መምህር፣ ለየለህ?»

«ይግቡ እትዬ፤ በእርስዎ ነው የምንንቀሳቀሰው።»

«ሒሳቡ ስንት ነው?»

«በታሪፍ!»

«ውሸታም! ረዳት መቼ በታሪፍ አስከፍሎ ያውቃል?» አሉና ገብተው ሳጥን ላይ ተቀመጡ። ናኦሚ ክዳኑን እያሽከረከረች «ዱዱዱዱ» አለች። እትዬ ፍቅርተ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም፤ ጾሙ የሚፈታው አሁን ነው። ከነጠላቸው ጫፍ የበሶ ጭብጦ ፈትተው፣ አማትበው ቆረሱ። መንገደኛ ደግሞ ብቻውን አይበላምና፣ ልማድ ሆኖባቸው እጃቸውን ወደ ፊት ዘረጉ፦

«ሾፌር፣ እንብላ!»

ናኦሚ ዞረች። እጁን አየች፤ ሴትየዋን አየች። ክዳኑን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው ቆረሰችና ጎረሰች። አኘከች። ከዚያ መንዳቷን ቀጠለች።

አዱኛ ምሰሶው ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ስንት ቀን አፏ በተከፈተ ቁጥር እንደ ሌባ ሲያሾልክባት ኖሯል፤ ናኦሚን «እንብላ» ያላት ግን አልነበረም። «እኔስ? ረዳት አይበላም?» አለ። ልጁ ቆርሳ ሰጠችው። ያን ቀን አምቦ ደርሰው ተመለሱ፤ ሽሮም በሉ። በማግስቱም እንዲሁ። እሱ ግን አላመነም። በአስፋልቱም እንዲሁ በልታ፣ በልታ፣ ከዚያ ነበር የተወችው።

መንገዱ በተከፈተ ቀን ስልኩ ጮኸ። መድና ናት።

«መምህር፣ ብቻህን ና። ልጅቷን ለእትዬ ተውና።»

ጭቃውን እየዘለለ ሮጠ። ሱቁ ጓዳ ውስጥ፣ ከስኳሩ ጆንያ ጀርባ፣ ከመንገድ እንዳትታይ ተሸሽጋ ጂቱ ተቀምጣለች። ሻንጣዋ እግሯ ሥር ነው።

«ሻንጣው ምንድን ነው?» አላት፤ ሰላም እንኳ ሳይላት።

«ልብሴ ነዋ! ስልክ ሲጠፋ እዚያ ተቀምጬ ያላሰብኩት የለም። መድናን ብጠይቃት ዳቦውን ስትተፋ ነው የማያት አለችኝ።»

«ምን ላድርግ?» አለች መድና ከወዲያ፤ «ዋሽቼ የትኛው ጀነት ልገባ ነው?»

«ሙች ብለኸኝ!» አለች ጂቱ።

«ሙች ብዬሽ» አለ አዱኛ።

«ብሞትስ?»

«አሁን ትበላለች» አለ ቀስ ብሎ። «ሦስት ቀን ሆናት። ነገን ግን አልምልልሽም።»

«አላምንህም። ልያት።»

«ካየችሽ…» ብሎ ሳይጨርስ እትዬ ፍቅርተ በበሩ ገቡ፤ ናኦሚን አዝለው። አባቷ ሲወጣ አይታ አልቅሳ አላስቀምጥ ብላቸው ነው። ልጅቷ እናቷን አየች። ጂቱ እጇን ዘረጋች። ናኦሚ ፊቷን እትዬ ጀርባ ላይ ደፋች።

«ረሳችኝ!» አለች ጂቱ።

«ኧረ አልረሳችሽም፤ ተቀየመችሽ እንጂ» አለች መድና። «የረሳ ሰው እንዲህ አያኮርፍም።»

ናኦሚ ከጀርባ ተንሸራታ ወረደች። ወደ እናቷ አልሄደችም። መድና ለጂቱ ካቀረበችው ዳቦ ቆረሰችና፣ ለሁሉም ጀርባዋን ሰጥታ በላች። ጂቱ አንገቷን አስግጋ የልጇን ጉሮሮ ከጎን ታይ ነበር።

«ዋጠች» አለች።

ከጥቂት በኋላ ልጅቷ ቀረበች፤ እናቷ ጭን ላይ ወጣች፤ እጇንም እንደ ድሮው ወደ አንገትጌዋ ላከች። ጂቱ ያችን ትንሽ እጅ ያዘች፤ ሳመቻት። «የለም የኔ እናት» አለቻት። ናኦሚ እሪታዋን ለቀቀችው። እናትም አብራ አለቀሰች፤ የልጇን እጅ ግን አልለቀቀችም።

አስፋልቱ ላይ የአምቦ ሚኒባስ ቆሞ ረዳቱ ይጣራል። አዱኛ ሂጂም ቅሪም አላለም፤ ፈርቶ ነው። ጂቱ ፊቷን ጠረገች፤ ሻንጣዋን አነሳች።

«ዛሬስ ተደብቄ አልሄድም» አለች። ልጇን ሳመቻት፤ «እማዬ ትምህርት ቤት ሄዳ ትመጣለች» አለቻትና ልጅቷ እያየቻት ሚኒባሱ ውስጥ ገባች። በሩ ተዘጋ። ናኦሚ በአባቷ ክንድ ላይ ሆና እየተራገጠች፣ እየጮኸች፣ ትከሻውን ነከሰችው።

አመሻሹ ላይ ስልክ ተደወለ።

«እንዴት ናት?»

የለመደው መልስ አፉ ላይ ነበር፤ ተወው። «መንገዱን ሙሉ አለቀሰች። ነክሳኛለች። ከሽሮው ግማሹን በላች፤ ግማሹን ለእትዬ ድመት ጣለችላት። አሁን በሩን እያየች ተቀምጣለች።»

 

«ግማሹን በላች?»

«ግማሹን።»

«ነገስ?»

«የነገውን ነገ እነግርሻለሁ።»

«በል ዝጋው፤ ላንብብበት» አለችው። «ጠዋት ፈተና አለኝ።»