እጅጌው የረዘመ ነጭ ጋዎን

ልብስ ሰፊዋ የልጅ ልብስ ስትቆርጥ እጇ ለጋስ ነው። ከግርጌውም ከእጅጌውም አራት ጣት ታተርፋለች። ወላጆች ሲያጉረመርሙ፣ "ልጁ ዛሬ ነገ ሳይል ይመዘዝና ያኔ እኔን ነው የምታሙት" ትላቸዋለች። የሰፈሩ ተማሪ ግማሹ ጣቶቹ በእጅጌው ተውጠው ነው ትምህርት ቤት የሚሄደው።

የገዛ ልጇ እድገት ግን ሌላ ሆነ። ዕድሜዋ አሥራ አምስት ነው። ጥያቄ ስለማይጠፋት ደንበኞች "እመት ለምን" ይሏታል። አንድ ቀን ርዕሰ መምህርቷ እናትየዋን አስጠርተው፣ "እኛ የምናስተምራት አልቆብናል" አሏት። "ሁለት መንገድ አለ። ከእኩዮቿ ሳትለይ ከሰዓት ከሰዓት ኮሌጅ ብቅ ማለት፣ ወይም ጠቅልላ ገብታ እዚያው ማደር። ከሰዓት የሚሰጠው የጀማሪ ትምህርት ነው፤ እሱን ቤቷ ጨርሳዋለች።"

"ከሰዓቱ ይበቃታል" አለች ልብስ ሰፊዋ። ገና ትራሷን አቅፋ የምትተኛ ልጅ ከጢማም ጎረምሶች መሃል ትጣል እንዴ?

"ከመወሰንዎ በፊት ኮሌጁ ውስጥ አንድ ክፍለ ጊዜ አብረዋት ይቀመጡ።"

ለዚያ ቀን ነጭ ጋዎን ሰፋችላት። እንደ ልማዷ አተረፈች፤ ፈራ ተባ እያለች ነውና እንዲያውም አብዝታ አተረፈች።

የኮሌጁ መምህር ሰሌዳውን በቁጥርና በፊደል ሞላው። ልጅቱ እጇን አነሳች። "ለምን ከላይ ጀመርን? ከታች ብንነሳ አያጥርም?" መምህሩ ሰሌዳውን አየ፣ እሷን አየ፣ ጠመኔውን ሰጣት።

ልጅቱ ግራኝ ናት። የጻፈችውን ሁሉ ያ ረጅም እጅጌ ከኋላ ከኋላ እየተከተለ አበሰው። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ከኋላ ወንበር የተቀመጠችው እናት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ልጅቱ ሳቁን የሰማችውም አትመስል። እጅጌዋን እስከ ክርኗ ጠቀለለችና እንደገና ከመጀመሪያው ጻፈች። እየጻፈች ስትሄድ ሳቁ ጠፋ። ከፊት ያለው ጢማም ጎረምሳ መገልበጥ ጀመረ። መምህሩ ባዶ ወንበር ስቦ እንደ ተማሪ ተቀመጠ።

እናትየዋ እጇን በአፏ ጫነች። ከተጻፈው አንዲት መስመር አልገባትም። ወልዳ፣ አጥብታ፣ ጸጉሯን ጎንጉና ያሳደገቻት ልጅ ይህን ሁሉ ይዛ በዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ ስትዞር ኖራለች። ደነቃት፤ ትንሽም ፈራቻት።

ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ እናትየዋ ከኮሌታዋ ክር ያለው መርፌ ነቀለች። "እጅሽን አምጪ።"

"ቁረጪው በቃ እማዬ።"

"አልቆርጥም።" ትርፉን ወደ ውስጥ አጥፋ ትሰፋው ጀመር።

ልጅቱ ወለል ወለሉን እያየች፣ "ከሰዓት ከሰዓት ብቻ ነው አይደል የምመጣው?" አለች።

"ጠቅልለሽ ግቢ።"

እመት ለምን ያን ቀን ለምን አላለችም። ሌላኛውን እጇንም ዘረጋችላት እንጂ።

እናትየዋ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። የታጠፈውን በአውራ ጣቷ ደጋግማ ተጫነችው። "ሲያጥርሽ ይዘሽው ነይ" አለች። "የምፈታው እኔ ነኝ። ሌላ ሰው እንዳይነካብኝ።"