አብረውኝ ይራመዱ የነበሩት ጎረቤቴ

ስኳሬ ከፍ እያለ መምጣቱን የሰማሁት ባለቤቴ ካረፈች በሁለተኛው ዓመት ነው። አሜሪካ አገር፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ላንድማርክ የሚባል ሰፈር ብቻዬን እኖር ነበር። ቀኑን ሙሉ ታክሲ እየነዳሁ ተቀምጬ እውላለሁ፤ ማታ ያገኘሁትን በልቼ እተኛለሁ። ሐኪሜ መድኃኒት ታዝልኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ «ገና አልታመምክም። እንዳትታመም ከሚያግዙህ ሰዎች ጋር ላገናኝህ» አለችኝ።

በማግስቱ አንዲት ሴት በአማርኛ ደወለችልኝ። የምትሠራው ከወንዙ ማዶ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ባለ የኢትዮጵያውያን ማኅበር ውስጥ ነው፤ ስሜን ከክሊኒኩ ነው ያገኘችው።

«ቅዳሜ ቅዳሜ እየተሰበሰብን ስለ አመጋገብና ስለ እንቅስቃሴ እንማራለን። ይመጣሉ?»

«ሥራ ካልያዘኝ» አልኳት።

ቅዳሜ ግን ድልድዩን ተሻግሬ ሄድኩ። ትምህርቱ አጓጉቶኝ አልነበረም፤ የሚጠብቀኝ ሰው መኖሩ ነው የወሰደኝ።

ትምህርቱ ሲያልቅ ሴትዮዋ ሰፈራችንን እየጠየቀች ሁለት ሁለት አድርጋ አጣመረችን። ለእኔ የደረሱኝ ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናት ነበሩ። ሳያቸው ደነገጥኩ፤ እኔው ሕንፃ ላይ ነው የሚኖሩት። ለዓመታት ሊፍት ውስጥ አንገታችንን ሰበር አድርገን ከመተላለፍ በቀር ተነጋግረን አናውቅም።

«አንተ ያ ኮፍያ የማያወልቀው ነህ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት፣ ሥራ ከመግባቴ በፊት፣ ከሕንፃችን ጀርባ ጅረቱን ተከትሎ በሚሄደው መንገድ አብረን እንራመድ ጀመር። እማማ አዲስ አበባ የልብስ ስፌት አስተማሪ ነበሩ። ዓይናቸው አሁንም አያርፍም፤ እየሮጠ የሚያልፈንን ሁሉ ልብሱን ነው የሚያዩት። «የዚህኛው ብብቱ ሥር ተተርትሯል» ይሉኛል ቀስ ብለው። ከሁሉ በፊት ግን «ትናንት ማታ ምን በላህ?» ብለው ይጠይቁኛል። ስዋሽ ያውቁብኛል። ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ለስላሳ ተውኩ፣ ማታ ጎመን መቀቀል ለመድኩ። ሐኪሟን ፈርቼ አይደለም፤ ጠዋት ለእማማ የምነግራቸው ደህና ነገር እንዲኖረኝ ብዬ ነው።

ዐቢይ ጾም ገብቶ ሳለ አንድ ጠዋት ወሬያቸው መሃል ላይ ተቋረጠ። ዞር ስል ግንባራቸው በላብ ርሷል፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። እሳቸውን ስኳሩ ከያዛቸው ቆይቷል፤ ጠዋት ጠዋት ኪኒን ይውጣሉ።

«እማማ፣ ቁርስ በልተዋል?»

«ጾም አይደለም እንዴ?» አሉኝ፣ ምላሳቸው እየተሳሰረ።

የማኅበሩ ሴት ጋ ደወልኩ። «ስኳራቸው ወርዶ ነው። ጣፋጭ ነገር ቶሎ ይስጧቸው፤ ካልተሻላቸው አምቡላንስ ይጥሩ» አለችኝ። ልጇን በጋሪ እየገፋች ከምታልፍ እናት የልጁን ጁስ ለመንኩ። እማማ ጠጡና ትንሽ ቆይቶ ፊታቸው ተመለሰ።

እማማም የሚታከሙት እኔው ክሊኒክ ነው፤ የማኅበሩ ሴት ለክሊኒኩ ደውላ ስለነበር በዚያው ቀን ተቀበሏቸው። እሷም አብራቸው ገብታ የእኛ ጾም እንዴት እንደሆነ ለሐኪሟ አስረዳች። ሐኪሟ «ለምን አልነገሩኝም?» ስትላቸው፣ «መቼ ጠየቅሽኝ?» እንዳሏት ኋላ እየሳቁ አጫወቱኝ። መድኃኒታቸው ተቀየረ፤ የነፍስ አባታቸውም ጠዋት እንዲቀምሱ ፈቀዱላቸው። ከዚያ ወዲህ ክሊኒኩ ጾም ሊገባ ሲል ማኅበሩን ይጠይቃል፤ የጿሚዎቹንም መድኃኒት አስቀድሞ ያስተካክላል።

ለልጃቸውም ከክሊኒኩ ተደውሎ ኖሯል። ሚኒሶታ ነው የምትኖረው። በሳምንቱ መጣችና «ከእንግዲህ ብቻቸውን አይሆኑም» አለች። ልክ ናት፤ የእኔ እናት ብትሆን እኔም ይህንኑ ነበር የማደርገው። አየር ማረፊያ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። ሊወርዱ ሲሉ፣ «ደውለህ አተረፍከኝ፤ በዚያው ስልክ አስወሰድከኝ» አሉኝ። እሳቸው ሳቁ። እኔ ሻንጣ ላውርድ ብዬ ወረድኩ።

አሁን ስኳሬ ወርዷል፤ ሐኪሟም ደስ ብሏታል። ማኅበሩ ሌላ ጓደኛ ሰጥቶኛል፣ ሆቴል የሚሠራ ደግ ሰው ነው። ስለ እግር ኳስ እያወራኝ በዚያው በጅረቱ ዳር እንሄዳለን። አንዳንዴ እሱ እያወራ ጆሮዬ የእማማን ድምፅ ይጠብቃል።

እሁድ እሁድ እደውልላቸዋለሁ። «ውጭው በረዶ ነው» አሉኝ ባለፈው። «ልጄ ሞል ውስጥ ታዞረኛለች፤ እሷ ሥራ ስትገባ ግን ቤት ነኝ። የልጅ ልጆቼ በእንግሊዝኛ ነው የሚመልሱልኝ።»

ስልኩን እንደዘጋሁ የማኅበሩ ሴት ጋ ደወልኩ፤ ሚኒሶታም እንደኛ ያለ ማኅበር ካለ እማማ እዚያ ከሚታከሙበት ክሊኒክ ጋር እንድታገናኝልኝ ለመንኳት። እሞክራለሁ አለችኝ። ከተሳካ ሌላ ሰው ከጎናቸው ሆኖ ጨዋታቸውን እየሰማ ይራመዳል። ይህን ሳስብ ቅናት ቢጤ ይሰማኛል። ቢሆንም ቅዳሜ በመጣ ቁጥር፣ ገና ከበሩ ስገባ፣ «ተገኘ ወይ?» እላታለሁ።