የአባባ ቴምጄን የእግር ጋሻ

የወርቅውሃ ለሰው ማሰብ ከጀመረች ልክ አታውቅም። ካሊፎርኒያ፣ አልባኒ ከተማ ቤታቸው እየሄደች የምትጦራቸው አባባ ቴምጄን ከሕንድ ሰሜን ምሥራቅ ተራሮች የመጡ የናጋ ሰው ናቸው። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ በእንግሊዝኛ ይግባባሉ፤ ማዕድ ሲቀርብም ከእሷ አስረዝመው ይጸልያሉ። እኚህን ሰው ከምን ልታድናቸው እንደተነሳች እሷም ቆይቶ ነው የገባት።

ነገሩ የመጣው በቁስል ነው። የግራ እግራቸው ቁስል አራት ወር ሙሉ አልሽር ብሎ አስጨንቋታል። ማክሰኞ ዕለት ብርድ ልብስ ፍለጋ ቁም ሳጥናቸውን ስትከፍት አንድ ካርቶን አገኘች። ውስጡ በቀጭኑ ከተሰነጠቀ የራታን ሐረግ የተጎነጎነ፣ ቀይ የተነከረ፣ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት የሚጠለቅ የእግር ልብስ አለ፤ ጥንድ ነው። ጫፉ ላይ የፍየል ጸጉር ተንጠልጥሎበታል። ክው አለች። ወዲያው ለቤተ ክርስቲያን ጓደኛዋ ለአይናዲስ ደወለች።

«አይኒ፣ ክሎዘት ውስጥ ጸጉር ያለው ነገር አስቀምጠዋል። እግር ላይ የሚታሰር።»

«ሂል አላደርግ ያለው እግራቸው አይደል እንዴ? ታዲያ ምን ኮንፊውዝ ያደርግሻል?»

የወርቅውሃ በሃያ ዓመቷ ጌታን ስትቀበል የእናቷን ጨሌ ከነሙዳዩ እሳት ውስጥ የጨመረች ናት፤ ይህንንም ኦክላንድ ጉባኤ ፊት ቆማ ስንቴ መስክራለች። ካርቶኑን ሳን ፓብሎ ቤቷ ወሰደችና ጓሮ ባለው የባርቤኪው ምድጃ ላይ እየጸለየች አነደደችው። ደረቅ ነበርና አፍታም አልቆየ። በማግስቱ ቁስሉ የጠገገ መሰላት፤ ደስ አላት።

ሐሙስ ጠዋት አባባ ቴምጄን ያንኑ ካርቶን እንድታወርድላቸው ጠየቋት። ቅዳሜ ሳን ሆዜ የወንድማቸው ልጅ ሰርግ አለ።

«አባቴ ነው የጎነጎነው» አሉ፣ ፊታቸው በርቶ። «ጫካ ሲገባ እሾህና የተሳለ ቀርከሃ እንዳይወጋው ይለብሰው ነበር። ለበዓል ደግሞ ጌጥ ነው። ከእሱ እጅ የቀረኝ ይኸው ብቻ ነው።»

የወርቅውሃ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። አላየሁም ብትል ማን ያውቅባታል? ግን ዓይናቸውን እያየች መዋሸት አቃታት፤ ከነምድጃው፣ ከነጸሎቱ አንድ ሳታስቀር ነገረቻቸው።

አባባ አልጮኹም። «ምን ብለሽ ጸለይሽ?» አሏት።

«እንዲድኑልኝ ነው፣ አባባ።»

«ልጅ ሆኜ መንደራችን የመጣው ሰባኪም እየጸለየ ነበር የሰውን ጌጥ የሚያቃጥለው። አባቴ ስብከቱን ተቀበለ፤ የእግሩን ልብስ ግን አልሰጥም አለ። ሰውየውም ትቶለት ሄደ።»

እፍረት ፊቷን አቃጠላት።

«ያ ሰው እንኳ» አሉ፣ ወደ ባዶው መደርደሪያ እያዩ፣ «እሳቱን ከማንደዱ በፊት አባቴን ጠይቆት ነበር።»