ድምፄን ያዋስሁበት ውድድር

ባለፈው ሳምንት ወረታ መናኸሪያ አጥር ላይ አንድ ጎረምሳ ወረቀት ሲለጥፍ ቆሜ አነበብሁ። ፊደል የቆጠርሁት በአርባ ዓመቴ ስለሆነ ዛሬም በጣቴ እየተከተልሁ ነው የማነብ። የግጥም ውድድር ነው፤ ስም አይጻፍበትም፣ ዳኞቹም የማን እንደሆነ አያውቁም ይላል። ጎረምሳው አዲስ ነገር የፈጠረ መስሎት ደረቱን ነፍቷል። እኛ እዚሁ ወረታ ይህንኑ ስናደርግ እሱ አልተወለደም።

ያኔ ሃያ ዓመት ቢሆነኝ ነው። በገበያ ቀን የጠፋ ከብት የምለፍፍ እኔ ነበርሁ፤ ድምፄ ከአስፋልቱ ማዶ ይሰማል። ቀበሌው በየዓመቱ ግጥም ያወዳድር ነበር፤ የሚሸለመው ግን ሹም ያሞገሰ ብቻ ነው። ይህ ያንገሸገሸን ጥቂት ሰዎች ሆነን የራሳችንን ውድድር አቆምን። ሦስት ዳኞች ለመንን፦ የጣራ ገዳሙን መሪጌታ፣ ጨርቅ ሻጩን ሐጂ፣ ለቅሶ ቤት ሙሾ የሚያወርዱትን እማ ጠጅቱን። ሐጂ ለሽልማት ጋቢ ሰጡ። የመሪጌታ ወንድም ደግሞ ጎንደር የዘፋኞች ቡድን ነበረው፤ ያሸነፈውን ሊወስድ ቃል ገባ።

ችግሩ፣ ግጥም ከሚያውቀው ሰው የሚበዛው መጻፍ አያውቅም፤ እኔም አላውቅም። በየአፉ ይበለው እንዳንል፣ አገሩ ትንሽ ነው፤ ዳኞቹ ከመጋረጃ ጀርባ ቢቀመጡ እንኳ በድምፁ ይለዩታል።

«እንግዲያውስ ሁሉም ለዚህ ለለፋፊው ይንገር። እሱ ያጥናና በአንድ ድምፅ ይበለው» አሉ መሪጌታ።

ፍትሕ ማለት ይኸ ነው ብለን ተስማማን።

ጥቅምትን ሙሉ ግጥም ስለቅም ከረምሁ። ውሃው ከፎገራ ሜዳ የሚሸሽበት፣ ጭቃው እግር የሚይዝበት፣ ሩዙ የሚያሽትበት ጊዜ ነው። አንዱ ለበሬው፣ አንዱ ለአማቱ የገጠመውን ይነግረኛል፤ በየደረስሁበት እርጎ ያጠጡኛል። እንደዚያ ጊዜ እርጎ ጣፍጦኝ አያውቅም።

ትርንጎ የምትባል ልጅ የነገረችኝ ከማሳቸው ዳር ቆማ ነው። ያን ክረምት ጎርፍ ቤታቸው ገብቶባቸው ነበር።

«ጣና ሳይጠሩት መጥቶ ከቤታችን ተኛ፤
ቆመን አስተናገድነው አልጋ የለን እኛ።»

«ተኛ» ካለች በኋላ ዝም ትላለች። መቀመጫ እንዳጣ ሰው ዙሪያዋን ታያለች። ከዚያ ነው «ቆመን» የምትል። ሦስቴ አስደገምኋት።

«ካሸነፍሁ ጎንደር እሄዳለሁ» አለችኝ።

«እዚህ ምን አጣሽ?»

«አልጋ» ብላ ሳቀች። «አንተ ደግሞ፣ የሰው ላም ስትጠራ የራስህን ሳትጠራ ልትሞት ነው።»

እንድትቀር እፈልግ ነበር፤ ቅሪ ለማለት ግን ወኔው አልነበረኝም።

የውድድሩ ዕለት፣ በሐጂ መጋዘን ደጅ፣ የበሬውን ግጥም እንደ ፉከራ አስገመገምሁት። የትርንጎን ስደርስ በአንድ ትንፋሽ፣ ከብት እንደሚቆጥር ሰው አለፍሁበት። ዝም የምትልበትን ቦታ አውቀዋለሁ፤ አውቄ ዘለልሁት። እማ ጠጅቱ ብቻ ቀና ብለው «እስቲ ያችን ድገማት» አሉ። ደገምሁ፣ ከፊተኛው አብሼ። ባለበሬው አሸነፈ። ጋቢውን ለብሶ ቤቱ ገባ፤ ጎንደርም አልሄደ።

ሰው ሲበተን ትርንጎ መጣች።

«ለጠፋ ጥጃ እንኳ እንደዚያ አትጠራም» አለችኝ።

በጥር ወላጆቿ ይፋግ ለሚኖር ሰው ዳሯት።

ሰው «አለመማርህ ጎዳህ» ይለኛል። በብዙ ነገር ልክ ነው። ያን ዕለት የጎደለኝ ግን ፊደል አይደለም። ሌላ አግብቻለሁ፣ ወልጃለሁ፣ ሚስቴንም ቀብሬያለሁ። ጥቅምት መጥቶ የጭቃው ሽታ ሲነሳ ግን ሆዴ የሚሄደው ወደዚያ ማሳ ነው። አይታዘዘኝም።

«አባባ፣ ግጥም አለዎት እንዴ?» አለኝ ጎረምሳው ሙጫውን ከጣቱ እየጠረገ።

«የሌላ ሰው ነው።»

«የሌላማ አይሆንም። ባለቤቱ ራሱ ያምጣ።»

ባለቤቷ በሕይወት አለች፤ ይፋግ ሽንኩርት ትሸጣለች ይሉኛል። በመኪና ምን ያህል መንገድ ነው? ትናንት ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥሁ፤ ሞልቶ ሊነሳ ሲል ወረድሁ። ረዳቱ አጉረመረመብኝ። ውድድሩንማ ሰበብ አደረግሁት እንጂ፣ ግጥም ላኪ ልላት አይደለም የምሄድ። ቅሪ የሚባልበት ጊዜ አልፏል። «አውቄ ነው የዘለልሁት» የሚባልበት ግን አላለፈም፤ ሁለታችንም አለን። ነገም መናኸሪያ እሄዳለሁ።